«ባክአፕ አለን» ለሚሉ ሁሉ

ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት አንድ የጊትላብ ኢንጂነር ደክሞት ሥራ ላይ ነበር። ጊትላብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። ሁለት የዳታቤዝ ሰርቨሮች ነበሩት፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ተጠባባቂ። ተጠባባቂው ዋናውን መከተል አቅቶት ቆመ። ኢንጂነሩ የተጠባባቂውን ፎልደር አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊቀዳ አሰበ። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈና ኢንተርን ተጫነ።

ትእዛዙ የሄደው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ነበር።

በአንድ ሁለት ሰከንድ ነቅቶ አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር።

ወደ ባክአፑ ተሮጠ። በየቀኑ ቅጂ የሚያወጣው ፒጂደምፕ የተባለው ትእዛዝ ለካ ሲከሽፍ ኖሯል፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6፣ ትእዛዙ ግን የ9.2 ነበር። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም። ቅጂው ይቀመጥበታል የተባለው የአማዞን ማከማቻ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ያዳናቸው አጋጣሚ ነው። ያው ኢንጂነር ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት፣ ለሌላ ሥራ ብሎ፣ በእጁ አንድ ቅጂ ወስዶ ነበር። ያጠፋውም ያተረፈውም አንድ እጅ ሆነ። መመለሱ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ። በመሀል የገባው መረጃ ግን ቀረ፤ እስከ 5,000 የሚደርሱ ፕሮጀክቶች መዝገብ፣ 5,000 አስተያየቶች፣ 700 ያህል አዲስ ተጠቃሚዎች።

ድርጅቱ ነገሩን አልሸሸገም። የሥራ ማስታወሻውን ለሕዝብ ከፈተ፣ ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፣ ጥፋቱንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አልጣለም። ብዙ መሥሪያ ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚፈለገው የሚባረር ሰው ነው። ሰውየው ቢባረር ግን ባዶው ማከማቻ ባዶ እንደሆነ ይቀጥል ነበር።

ቅጂ ማውጣት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ፋይሉ መኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ከፍቶ፣ ቅጂውን እዚያ መልሶ ጭኖ፣ መዝገቦቹን ቆጥሮ ከዋናው ጋር ማስተያየት ነው።

ስለዚህ የባንክም፣ የሆስፒታልም፣ የትምህርት ቤትም ኃላፊ የአይቲ ክፍሉን «ባክአፕ አለን?» ብሎ አይጠይቅ። መልሱ ምንጊዜም «አለን» ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ሞክራችሁ የመለሳችሁት መቼ ነው? ስንት ሰዓትስ ፈጀ?» ይበል። ዝምታ ከሆነ መልሱ፣ ባክአፕ የለም ማለት ነው።