ጽዋው የሥላሴ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ልጆች፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንግዳ መቀበልና ስለ ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ከምንማረው ጋር፣ እኔም በልጅነቴ በሰፈራችን ያየሁትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ ወድጃለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን በየወሩ 7ኛው ቀን የቅድስት ሥላሴ መታሰቢያ ነው። ከእነዚህም መካከል ሐምሌ 7 ቀን በታላቅ በዓል ይከበራል። በዚህ ቀን ቅድስት ሥላሴ ወደ አባታችን አብርሃም ቤት የገቡበትን እናስባለን። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ተጽፏል። አብርሃም በዚያን ጊዜ የ99 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎችን አየ። ስማቸውንና አገራቸውን አልጠየቀም። ተነሥቶ ሮጠና ተቀበላቸው፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አስመጣ፤ ከዛፉ ጥላ በታች አሳረፋቸው። ሣራ ከሦስት መስፈሪያ ዱቄት እንጎቻ ጋገረች። እርሱም ጥጃ አሳርዶ፣ እርጎና ወተት ጨምሮ አቀረበላቸው። ሲበሉም እንደ አገልጋይ በፊታቸው ቆመ።

አባቶቻችን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩን ከዚያ በፊት የሆነውንም ይነግሩናል። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል የማይቀምስ ሰው ነበር። ሰይጣን በዚህ ደግነቱ ቀና። እንደ ተፈነከተ ሰው ሆኖ፣ ደም ተቀብቶ ከመንገድ ዳር ተቀመጠ። ወደ አብርሃም ቤት የሚሄድ መንገደኛ ባየ ቁጥር «አብርሃም የዱሮው አብርሃም መሰላችሁን? ይኸው እኔን ደብድቦ ሰደደኝ» እያለ ይመልስ ጀመር። አብርሃምም የሚመጣ እንግዳ አጥቶ ሦስት ቀን ጦሙን ዋለ። ከዚህ በኋላ ነው ቅድስት ሥላሴ ወደ ቤቱ የመጡት።

ልብ በሉ ልጆች! ሰይጣን የአብርሃምን እህል አልሰረቀም፤ ድንኳኑንም አላፈረሰም። እርሱ የዘጋው መንገዱን ነው። ማዕዱ ሞልቶ፣ ባለቤቱም ደግ ሆኖ፣ እንግዳው ግን የሚመጣበት መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ነገር በአእምሮአችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ ማኅበር እንነጋገር። ብዙዎቻችሁ እናት አባታችሁ የጽዋ ማኅበር አላቸው። ማኅበርተኞች የአንዱን ቅዱስ መታሰቢያ ቀን መርጠው በየወሩ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤል፣ 21 ቀን እመቤታችን፣ 27 ቀን መድኃኔ ዓለም እያሉ ይጠጣሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ዳቦው ይባረካል፤ ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል። የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ይባላል። በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ማኅበር ለመብልና ለመጠጥ ብቻ የቆመ አይደለም። የታመመ ሲኖር ይጠይቃሉ፤ የሞተ ሲኖር ያጽናናሉ፤ የተጣላ ሲኖር ያስታርቃሉ።

እኔ ያደግሁት በደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። እናቴ በሰፈራችን የሥላሴ ማኅበር ነበራት። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ወንበር እየተሸከምሁ፣ ጠላ እየቀዳሁ በየወሩ አብሬአት እሄድ ነበር።

ማኅበሩ ሲጀመር የሚቀርበው ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንዱ ተረኛ በፍስክ ቀን ዶሮ ወጥ ጨመረ። የሚቀጥለው ተረኛ ከእርሱ እንዳያንስ ብሎ ሁለት ዶሮ ሠራ። ሌላው ጠጅ ጣለ። ሌላው ለስላሳና ቢራ በሳጥን አስመጣ። እኛ ልጆች ደስ አለን፤ ለስላሳ ስናገኝ ለምን ይከፋናል? ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ለሥላሴ ክብር ያደረገው መስሎት ነበር።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ነበሩ። ሰኔ 7 ቀን ጽዋውን ተረክበው ለሐምሌ ሥላሴ ሊደግሱ ተራቸው ደረሰ። በዚያን ቀን ግን ከማኅበሩ ቀሩ። ጽዋው የሚረከበው አጥቶ ከዚያው ቤት አደረ። እናቴም ከተባረከው ዳቦና ከንፍሮው በሳህን አድርጋ፣ ነጠላ አልብሳ፣ «በል ሮጥ ብለህ ለእትዬ አድርስ፤ ምን ሆነው እንደ ቀሩም ጠይቅ» ብላ ላከችኝ።

ሄጄ ሰጠኋቸው። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። «አሞኝ ነው በላት» አሉኝ። ነገር ግን አላመማቸውም፤ ጤፍ እያበጠሩ ነበር። ከቤት ስወጣ እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው እስከ በር ሸኘችኝና ቀስ ብላ «እማዬ እኮ ከማኅበሩ ልትወጣ ነው። ዶሮ ከየት አመጣለሁ ትላለች» አለችኝ።

ልጆች፣ እንግዲህ መንገዱ በምን እንደ ተዘጋ አያችሁን? በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ዳር የተቀመጠው ደም የተቀባ ሰው አይደለም። ኀፍረት ነበር። ማንም ሴትዮዋን «አትምጪ» አላላቸውም። ነገር ግን ድግሱ እየበዛ ሲሄድ ለእርሳቸው ደጃፉ እየጠበበ ሄደ።

የሰማሁትን ለእናቴ ነገርኋት፤ እናቴም ለሙሴው ነገረቻቸው። ሙሴው ሽማግሌ አናጢ ነበሩ፤ ብዙ አይናገሩም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፍ ሥር ሰበሰቡ። የሴትዮዋን ስም ሳይጠሩ እንዲህ አሉ፦ «ጽዋው የሥላሴ ነው፤ ዶሮው ግን የእኛ ነው። በእኛ ዶሮ ምክንያት ሰው ከሥላሴ ጽዋ ከቀረ፣ መቅረት ያለበት ሰውየው ነው ወይስ ዶሮው?»

አንድ ነጋዴ ተነሥተው «አባቴ፣ አብርሃም ጥጃ አርዶ የለም ወይ?» አሉ። ሙሴውም «አብርሃም ያረደው ለእንግዶቹ ነው እንጂ ጎረቤቱን ለመብለጥ አይደለም» ብለው መለሱ።

ነጋዴው ደግ ሰው ነበሩና «እንግዲያው የተቸገረ ካለ የድግሱን ወጪ እኔ እሸፍናለሁ» አሉ። ሁሉም በዚህ ደስ አላቸው። ሙሴው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን አንተ ከከፈልህ ደጋሹ አንተ ነህ፤ እርሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። የማኅበርተኛ ወጉ ከእጁ ቆርሶ ማጉረስ ነው» አሉ።

ይህን ቃል በልጅነቴ አልተረዳሁትም ነበር። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ለምን እምቢ ይባላል? ብዬ ነበር። በኋላ በአብነት ትምህርት ቤትና በሰንበት ትምህርት ቤት ስማር የሰራፕታዋን መበለት ታሪክ አገኘሁ (1ኛ ነገሥት 17፥8-16)። በራብ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ የተላከው ወደ ባለጸጋ ቤት አልነበረም። በማድጋዋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ብቻ ወደ ቀረላት መበለት ተላከ። እርስዋም ካላት ላይ አስቀድማ ለእርሱ ጋገረች፤ ዱቄቱ አላለቀም፤ ዘይቱም አልጎደለም። እግዚአብሔር ድሀዋን የሚያበላት ብቻ ሳይሆን የምታበላም አደረጋት። ድሀን ማብላት መልካም ነው። ድሀ ሲያበላም በደስታ መቀበል ይገባል፤ ይህም ማክበር ነውና።

ማኅበርተኞቹ በዚያው ቀን ተስማሙ። ሀብታምም ይሁን ድሀ፣ ተረኛ የሚያቀርበው ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ብቻ ይሁን፤ ከዚህ በላይ ያለው ሰው ትርፉን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን ይስጥ ብለው በማኅበሩ መዝገብ ጻፉ። ጽዋውንም ሙሴው ራሳቸው ይዘው እስከ ሴትዮዋ ቤት ወሰዱላቸው።

ሐምሌ 7 ቀን ዝናብ ሲዘንብ ዋለ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበር። ቤቱ ጠባብ ስለ ሆነ እኛ ልጆች መደቡ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እኚያ እናት ውኃ አሙቀው የካህኑንና የሙሴውን እግር አጠቡ፤ ልጃቸው ውኃውን ታፈስሳለች፤ እኔ ፎጣ ይዣለሁ። ከዚያም ካህኑ ዳቦውን ባረኩ። ዳቦው ተቆርሶ ሲታደል፣ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ሲዘገን፣ የሴትዮዋ ፊት እንዴት እንደ በራ ዛሬም ትዝ ይለኛል። በዚያ ቀን ለስላሳ አልነበረም። ከእኛ ከልጆቹ መካከል ግን የጠየቀ አልነበረም።

ልጆች፣ ይህ ነገር በእኛ ዘመን ብቻ የታየ እንዳይመስላችሁ። በሐዋርያት ዘመን ምእመናን በአንድነት ይኖሩ፣ ያላቸውንም ይካፈሉ ነበር (የሐዋ. ሥራ 2፥44-46)። ይሁን እንጂ በቆሮንቶስ አንዳንዶች የየራሳቸውን እራት ቀድመው እየበሉ ይጠግቡ፣ ድሆች ግን እየተራቡ ያፍሩ ነበር። ስለዚህ ቅዱስ ጳውሎስ ገሠጻቸው፤ እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁም አዘዛቸው (1ኛ ቆሮ. 11፥20-33)። ሐዋርያው ያዕቆብም ወርቅ ያሰረውን በመልካም ስፍራ አስቀምጠው ድሀውን ከእግራቸው በታች የሚያስቀምጡትን ወቅሷል (ያዕ. 2፥1-4)። ሐዋርያት ይህን ያህል አጥብቀው የጻፉት በማዕድ ላይ የሚደርስ ኀፍረት ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ሊያስቀር ስለሚችል ነው።

አሁን በማስተምርበት ክፍልም ይህን አይቻለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን ከመጡት ቤተሰቦች መካከል የአንዱ ልጅ ከእኛ ጋር ይማር ነበር። ተማሪዎቹ ለበዓል ገንዘብ ሊያዋጡ ሲስማሙ ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ቀረ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ተማሪ እጅዋን አውጥታ «መምህር፣ ገንዘቡ ይቅርና ሁላችንም ከቤታችን አንዳንድ እፍኝ እህል እናምጣ» አለች። ሁለት ልጆች ቤቱ ድረስ ሄደው ነገሩት። በበዓሉ ዋዜማ አንዱ ስንዴ፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ገብስ አመጣ። እርሱም እፍኝ ሽምብራ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ሁሉም በአንድ ሰፌድ ላይ ፈሰሰ፤ ተቆላ። ከዚያ በኋላ የማን ሽምብራ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ ውድ ልጆች፣ እናንተ ገና ቤት የላችሁም፤ ድግስም አትደግሱም። ነገር ግን መንገድ መክፈት ትችላላችሁ። አዲስ ልጅ ወደ ክፍላችሁ ሲገባ ከወንበራችሁ ጠጋ በሉለት። መዋጮ ስትነጋገሩ «ይህን መስጠት የማይችል አለን?» ብላችሁ አስቀድማችሁ አስቡ። የቀረ ልጅ ሲኖር ለምን እንደ ቀረ በሰው ፊት አትጠይቁት፤ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። የተቸገረ ጓደኛችሁ ከምሳ ዕቃው ቆርሶ ሲሰጣችሁ «አልፈልግም» አትበሉት፤ አመስግናችሁ ተቀበሉት። እንዲህ ስታደርጉ የአብርሃም ልጆች ትሆናላችሁ።

የአብርሃምን ቤት የባረከ አምላክ ቤታችንን፣ ማኅበራችንንና ሰንበት ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።

ጥያቄዎች፦
1. ሐምሌ 7 ቀን የምናስበው ምንድን ነው?
2. ሰይጣን እንግዶች ወደ አብርሃም ቤት እንዳይሄዱ ያደረገው እንዴት ነው?
3. ሙሴው የነጋዴውን ገንዘብ ያልተቀበሉት ለምንድን ነው?
4. በክፍላችሁ ውስጥ አንድን ልጅ ሊያስቀር የሚችል ነገር አለን? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩና መፍትሔውን ለመምህራችሁ ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።