ጀርባ የሌላቸው ቤቶች

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከአባቶቻችን ሰምተናል። ዛሬ ይህ ስም ሲነሣ እንስቃለን፤ ነገር ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በነጭ ጨርቅ ላይ የሌለ ፈረስ ሲጋልብ፣ የሌለ ባቡር ሲመጣ፣ ወድቆ የሞተው ሰው በማግስቱ ምሽት ተነሥቶ እንደ ገና ሲሞት ባዩ ጊዜ «የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሳየት ከወዴት የመጣ ጥበብ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ ቢያጡለት ለሰይጣን ሰጡት። መልሱ ቢያስቅም ጥያቄው ትልቅ ነው። እኔም በ2023 በነሐሴ ወር በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ አጠገብ የሚገኘውን የዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ መዝናኛ ስፍራ በጎበኘሁ ጊዜ ይህንኑ የአባቶቻችንን ጥያቄ በልቤ ይዤ ነበር። ያየሁትንና ያሰብሁትን እነሆ ለአንባቢዎቼ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራው አመጣጥ ጥቂት ልናገር። መሥራቹ ካርል ሌምሌ በ1867 በጀርመን አገር፣ ላውፕሃይም በምትባል ከተማ ከአይሁድ ወገን የተወለደ ሰው ነው። በ1884፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ገባ፤ በዊስኮንሲን በልብስ መደብር ሲያገለግል ከኖረ በኋላ በ1906 በቺካጎ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ከፈተ። ከማሳየት ወደ መሥራት ተሸጋግሮም በማርች 15 ቀን 1915 ከሆሊውድ ኮረብታ ማዶ «ዩኒቨርሳል ሲቲ» ያላትን የፊልም ከተማ መርቆ ከፈተ። የዚህ ሰው ብልኅነት የታየው ግን በሌላ ነገር ነው። ይኸውም፣ 25 ሳንቲም የከፈለ ሁሉ በእርከን መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ እንዲመለከት ፈቀደ። በዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ ስላልነበረው ተመልካቹ ለጀግናው ቢያጨበጭብ፣ በክፉው ላይ ቢጮኽ ሥራውን አያሰናክልም ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም በመጣ ጊዜ ግን ጸጥታ ግድ ሆነና በሩ ለሕዝብ ተዘጋ። እንደ ገና በሰፊው የተከፈተው በ1964 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጎብኚው እንደ ባቡር በተቀጣጠሉ ክፍት መኪናዎች ተሳፍሮ የፊልሙን መንደር ይዞራል።

ሌምሌ ድርጅቱን በ1936 ሸጠ፤ በ1939ም ሞተ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ናዚዎች ወገኖቹን ሲያሳድዱ በመቶ ለሚቆጠሩ የጀርመን አይሁዶች ዋስ እየሆነ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ረድቷል። በሐሰት ነገር ሀብት ያገኘ ሰው ሀብቱን ለእውነተኛ ነገር እንዳዋለው የሚያስረዳ ስለ ሆነ ይህን ሳልጠቅስ ለማለፍ አልወደድሁም።

ወደዚህ ስፍራ የሄድሁት ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። እትዬ በሎስ አንጀለስ 22 ዓመት ኖራለች፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ከቤትዋ ተነሥቶ በምድር ውስጥ ባቡር የሚደረስበትን ይህን ስፍራ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። «የመግቢያው ዋጋ የአንድ ሌሊት ድካሜ ነው፤ ቀኑ ደግሞ የእንቅልፌ ነው» ትል ነበር። እኔ ከአገር ቤት በመጣሁ ጊዜ ግን «አንተን ምክንያት አድርጌ እኔም ልየው» ብላ የዕረፍት ቀንዋን ሰጠችኝ።

ስፍራው በኮረብታ ላይ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ክፍል በረጃጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ይገናኛሉ፤ ከደረጃው አናት ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱ የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ሙዚቃው ከየማዕዘኑ ይሰማል፤ የተጠበሰ ሥጋና የስኳር ሽታ ይከተላል፤ በሰልፉ ላይ የማይሰማ ቋንቋ የለም። ከሁሉ ያስደነቀኝ በ2016 የተከፈተው የሃሪ ፖተር መንደር ነው። በካሊፎርኒያ የነሐሴ ፀሐይ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ሲያልፍ፣ የቤቶቹ ጣራ በማይቀልጥ በረዶ ተሸፍኖአል። ሕፃናት የአስማት በትር ገዝተው በየሱቁ መስኮት ፊት ሲያወናጭፉ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ልጅ በትርዋን ሦስት ጊዜ አወናጭፋ ምንም ሳይሆንላት ቀረ፤ ባርኔጣ የደፋ አንድ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ የእጅዋን አያያዝ አቃናላት፤ በአራተኛው ዕቃው ሲነሣ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል። ሠራተኛው ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርግ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ፊቱ ግን ገና የመጀመሪያው እንደ ሆነ ያህል ነበር።

በታችኛው ክፍል ውሃ ላይ በጀልባ የሚኬድበት የዳይኖሰር ዓለም አለ፤ በ1996 ተከፍቶ በ2019 የታደሰ ነው። ጀልባው በዝግታ ከወጣ በኋላ በድንገት ከ84 ጫማ ከፍታ ወደ ታች ይወረወራል። እትዬ ከዚያ ስትወርድ ነጠላዋን እየጨመቀች «እኔ ለዚህ ከፍዬ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትስቅ ያየኋት ገና አገር ቤት ሳለች ነው። «ወተርወርልድ» በተባለው ትርዒት ደግሞ ተዋንያን በሞተር ጀልባ እየተሳደዱ ከማማ ላይ ወደ ውሃ ይወድቃሉ፤ በመጨረሻውም አውሮፕላን ግድግዳ ጥሶ ይገባል። ፊልሙ በ1995 ሲወጣ በብዙ ወጪ የተሠራ ሆኖ የተጠበቀውን ያህል ሳይወደድ ቀርቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው ትርዒት ግን እኛ ባየነው ቀን መቀመጫው ሁሉ ሞልቶ ነበር። ፊልሙን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ያጨበጭባል፤ በዓይኑ ፊት የሚወድቀው እውነተኛ ሰው ነውና።

ዳሩ ግን ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት በመኪና የሚደረገውን ጉብኝት ነው። በመንገዱ ላይ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ላወጣው «ሳይኮ» የተሠራው ቤት ከጉብታ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩ ካለው የእንግዳ ማረፊያ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ቢላዋ ይዞ ወደ መኪናው ሲመጣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ይሸሻል። ጥቂት እልፍ ሲሉ ከኩሬው ውስጥ የ1975 ፊልም የ«ጆስ» ሻርክ አፉን ከፍቶ ብቅ ይላል። ፊልሙ ሲሠራ የሻርኩ መኪና በጨው ውሃ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ስቲቨን ስፒልበርግ ዓሣውን ብዙ ሳያሳይ መምጣቱን በጆን ዊልያምስ ሙዚቃ ለማስታወቅ ተገድዶ ነበር። እንግዲህ ዓለምን ያስፈራው የታየው ሳይሆን ያልታየው ነው።

ከዚያም መኪናው ወደ አንድ አዳራሽ ገብቶ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በሚመስል ቦታ ይቆማል። ወዲያው ምድር ትናወጣለች፤ ጣራው ይደረመሳል፤ ነዳጅ የጫነ መኪና ከላይ ይወድቃል፤ እሳት ይነሣል፤ ውሃ እንደ ጎርፍ በደረጃው ይወርዳል። ሕፃናቱ በደስታ ሲጮኹ እትዬ እጄን አጥብቃ ያዘች። ይህ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥን በጨዋታ ብቻ አያውቀውም፤ በጃንዋሪ 17 ቀን 1994 በዚያው ሸለቆ የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። በአዳራሹ ውስጥ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሃው ይመጠጣል፤ የወደቀው ይነሣል፤ የተሰነጠቀው ይገጥማል፤ ሁሉም ለሚቀጥለው መኪና ይዘጋጃል። እኔ የፈረሰውን ሳይሆን ይህን መመለሱን አፍጥጬ ተመለከትሁ። በሕይወታችን የፈረሰው ሁሉ እንዲህ ተነሥቶ በቦታው ቢቆም ምንኛ መልካም ነበር! የዚሁ ስፍራ እውነተኛ እሳት እንኳ እንዲህ አልነበረም። በጁን 1 ቀን 2008 የተነሣው ቃጠሎ የኒውዮርክን መንገድ የሚመስለውን ሠፈርና የኪንግ ኮንግን ትርዒት አወደመ፤ ሠፈሩ እንደ ገና ተሠራ፤ ኪንግ ኮንግም በ2010 በሌላ መልክ ተመለሰ። በዚያው እሳት ግምጃ ቤታቸው የተቃጠለው የዘፈን ዋና ቅጂዎች ግን አልተመለሱም። ሐሰተኛው ከተማ ሲነሣ እውነተኛው ድምፅ ጠፍቶ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልድረስ። መኪናው በአንድ የገጠር ከተማ አደባባይ አለፈ፤ ከፊቱ ዓምድ ያለው ፍርድ ቤት አለ። በ1962 የዘረኝነትን በደል ለሚያሳየው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ለተባለው ፊልም፣ በ1985ም «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ለተባለው የደስታ ፊልም ያገለገለው ይኸው አንድ ሕንፃ ነው። በአንደኛው ፊልም ያለ ኃጢአቱ የተፈረደበት ሰው የቆመበት ሲሆን በሁለተኛው ሰዓቱን መብረቅ የመታው ማማ ሆኖአል። አስጎብኚው ቀልድ እየጣለ ሲሄድ መኪናው ታጠፈና ከመንገዱ ዳር የተሰለፉትን ቤቶች ጀርባ አየን። ከፊት ሲታዩ መጋረጃ፣ በረንዳ፣ የአበባ ማሰሮ ያላቸው ቤቶች ከኋላ ባዶ ናቸው፤ ጣውላና የብረት ድጋፍ ብቻ ይታያል። እትዬ ዝም ብላ ስትመለከት ቆየችና «ወንድምዬ፣ ይኼ እኛ አገር ቤት የምንልከው ፎቶግራፍ ነው፤ ፊቱን ለሰው፣ ውስጡን ለቄስ» አለችኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእናታችን ቤት ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተሰቀለ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ እትዬ ነጭ ዓምድ ባለው ትልቅ ቤት ፊት ቆማ ፈገግ ብላ ትታይበታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል፤ ጎረቤት ይመርቅበታል፤ ዘንድሮ ትምህርቱን የጨረሰው የአጎታችን ልጅም በዚያ ፎቶግራፍ ፊት ቆሞ የጉዞውን አሳብ ይጠነስሳል። ያ ቤት የማን እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ባለቤቱን አላውቀውም፤ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ባልንጀራዬ ያነሣችኝ ነው። እናቴ እንዳታስብ ብዬ ላክሁት። ከዚያ ወዲያ ማውረዱ አስቸገረኝ» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ አንባቢዎቼ በእኅቴ ላይ እንዳይፈርዱ እለምናለሁ። የላከችው ፍቅርን ነው፤ ፍቅርም ብዙ ጊዜ ፊቱን አጥቦ ይወጣል። ነገር ግን የፊልሙን መንደር ከእኛ ፎቶግራፍ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ የፊልሙ መንደር መኪናውን አዙሮ ጀርባውን ያሳያል። የማታለል ጥበቡን ራሱ ገልጦ ስለሚያሳይ ሰው ተታልሎ ሳይሆን ተደንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ሰይጣን ቤት» ላሉት አባቶቻችንም የሚገባው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሳየት ክፋት የሚሆነው ጀርባው ሲደበቅ ነው።

በዚያው ወር የስፍራው ሌላ ጀርባም በግልጽ ይታይ ነበር። የፊልም ደራስያን ከሜይ 2 ቀን፣ ተዋንያኑም ከጁላይ 14 ቀን ጀምሮ ስለ ደመወዛቸውና ስለ መብታቸው ሥራ አቁመው ነበር። ስለዚህ መዝናኛው በሰው ተጨናንቆ ሳለ ፊልም የሚሠራባቸው አዳራሾች ጸጥ ብለው ነበር። ደራስያኑ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ተዋንያኑ በኖቬምበር ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሚያምረው ቤት ጀርባ ጣውላውን የሚያቆም ሰው እንዳለ፣ እርሱም እንደሚርበው ያን ጊዜ በደንብ ተረዳሁ።

ማታ በፌርፋክስ መንገድ፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለችው ሠፈር፣ እንጀራ በላን። እትዬ ከሰዓትዋ ላይ ዓይንዋን አላነሣችም፤ በማግስቱ ሌሊት ተረኛ ነበረች። ከመለያየታችን በፊት «ነገ ወደ ሥራ ስሄድ የሥራ ልብሴን እንደ ለበስሁ አንሣኝ፤ ለዚያ ልጅ ታሳየዋለህ» አለችኝ። አነሣኋት። በአውቶቡስ ማቆሚያው መብራት ሥር፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሳ፣ የእራት ዕቃዋን ይዛ ቆማለች፤ ፊትዋ ደክሞአል፤ ዓይንዋ ግን ቀጥ ብሎ ይመለከታል።

አሁን በእናታችን ግድግዳ ላይ ሁለቱ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። እናታችን ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ ተመልክታ «ይኸኛዋ ልጄ ናት» አለች። የአጎታችን ልጅ አሳቡን አልተወም፤ መተውም ግዴታው አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠይቀኝ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሌሊቱ ሰዓትና ስለ ኪራዩ ሆኖአል። የሚሄድ ከሆነ የቤቱን ጀርባ አይቶ ይሄዳል።