መጽሐፉ ሲያልቅ እኛ እንቀጥላለን

ስለ አስማተኛው ልጅ ስለ ሃሪ ፖተር የሚተርከው አራተኛው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000፣ አምስተኛው ደግሞ በ2003 ነው። ሦስት ዓመት ገደማ! አንባቢዎቹ ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እያሉ የራሳቸውን ታሪክ ጻፉ፣ ሥዕል ሣሉ፣ በኢንተርኔት ተለዋወጡ።

እኔም ያነበብኩትን ታሪክ በደብተሬ ጀርባ እቀጥላለሁ፤ ግን ሰው እንዳያይብኝ እደብቀዋለሁ። አንድ ልጅ «የሰው ድርሰት መስረቅ ነው» ብሎኛል። የደራሲዋን ስም ከጻፍኩና ካልሸጥኩት ግን ሌብነት አይመስለኝም። አያቴም የሰማችውን ተረት ሁልጊዜ እየጨመረችበት ነው የምትነግረን፤ ሌባ ያላት የለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ አልደብቅም። ለሚቀጥለው እትም የኔን አመጣለሁ። እናንተስ?