«ቡኒ ሆነብኝ»

ዛሬ ጠዋት ገና ከአልጋ ሳልወርድ የገባልኝ መልእክት ይኸው፦ «ወንድሜ፣ የሸጥክልኝ ሐምራዊ ነበር። ቡኒ ሆነብኝ። ገንዘቤን መልስልኝ።» የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያ ባለፈው ሰሞን ለጥፌው ልብ ስታዘንቡበት የነበረው አክሮፖራ የሚባለው ኮራል።

የላከውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ኮራሉ ምንም አልሆነም! ፖሊፖቹን ዘርግቷል፣ ሥጋው የትም ጋ አልተላጠም። ጥፋቱ ቡኒ መሆኑ ብቻ ነው።

ኮራል እኮ ብቻውን አይኖርም። ሥጋው ውስጥ ደባል አለው፤ ዙዛንቴላ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ አልጌ። ደባሉ በብርሃን ስኳር እየሠራ ኪራዩን ይከፍላል፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ቡኒው ቀለም የደባሉ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛ ደባሉም ይበዛል፣ መብራት ሲያንሰው ደግሞ ይጠቁራል። ወዳጃችን ገንዳው ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች ሌት ተቀን ይቀልባል፤ እና ምን ሊሆን ኖሯል? መኖውን ቀንስ፣ መብራቱን ቀስ እያልክ ጨምር፣ ወራት ጠብቅ። ገንዘብ የለም።

ሐምራዊው የራሱ የኮራሉ ነው። ብርሃን ሲበረታበት ደባሉን ለመከለል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው አረንጓዴ ወይም ቀይ ያበራሉ፤ ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኘውና በ2008 ኖቤል ያሸለመው ፕሮቲን ዘመዶች ናቸው። ነጋዴው ይህን አሳምሮ ያውቃል። እዚህ ቨርጂኒያ የገባሁባቸው የኮራል ሱቆች ሁሉ መብራታቸው ሰማያዊ በሰማያዊ ነው። «እስቲ ነጩን መብራት አብሩልኝ» በል፣ በጎሪጥ ነው የሚያዩህ።

የቀለም ነገር ሲነሳ ሁሌ የሚያንገበግበኝ አንድ ጉዳይ አለ። አጎቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አንዴ ሲመለስ ትልቅ ነጭ ኮራል ይዞ መጣ። አክስቴ ቡፌው ላይ ዳንቴል አንጥፋ ከፕላስቲክ አበባው ጎን አስቀመጠችው። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በበረኪና ይታጠባል፤ መንካት ክልክል ነው። ታናሽ ወንድሜ በኳስ መትቶ ለሁለት ከፈለው። የተገረፈው ማን ነው? እኔ! «ትልቅ አይደለህ? ለምን አላየኸውም?» አንተ ልጅ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ይቅርታህን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። ካሳም በቴሌብር እቀበላለሁ።

ስንቀጣበት የኖርነው ለካ አጥንት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። እኔ ደግሞ ኮራል ሲፈጠር ነጭ ይመስለኝ ነበር።

በሕይወት ያለ ኮራል ባሕር ውስጥ ሲነጣ ደባሉን አጥቷል ማለት ነው። ውኃው በበጋ ከሚደርስበት የሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ ብቻ አልፎ ሳምንታት ከሰነበተ ደባሉ ይወጣል፣ ሥጋው ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሥሩ አጥንቱ ይታያል። ያኔ ገና አልሞተም፤ እየተራበ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ከመንጣት ይልቅ ይደምቃል! የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ ደባሉ ሲሳሳ ብርሃኑ ከነጩ አጥንት እየነጠረ ሥጋው ውስጥ ይበረታል፤ ኮራሉም ያን መከለያ ፕሮቲን በገፍ ያመርታል። ጠላቂው ደማቅ ሮዝና ቢጫ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ኮራሉ ግን ጭንቅ ላይ ነው። እኛም ኮራል አርቢዎች ሰፈር እኮ የገንዳውን ናይትሬት ዜሮ አድርሰው፣ ኮራሉን አስርበው የሚያሳምሩ ሞልተዋል። ላይኩ የሚጎርፈው ለነሱ ነው። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

በ2023 ሐምሌ ፍሎሪዳ ባሕሩ ሲግል፣ ባለሙያዎቹ ባሕር ውስጥ ያሳደጉትን ኮራል እየነቀሉ የብስ ላይ ወዳለ ገንዳ አሸሹት። አስቡት፤ ከባሕር ወደ ገንዳ። ስንት ሰው «ምስኪኑን ከባሕሩ ለይተህ መስታወት ውስጥ አሰርከው» ሲለኝ ኖሯል፤ ለወጉ የምመልሰው አላጣም ነበር። ያን ዜና ካነበብኩ ወዲህ ግን መከራከሩ ራሱ አስጠልቶኛል። ባሸንፍስ ምን ይረባኛል?

በሉ፣ የፎስፌት መለኪያ የተረፈው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ። የኔ አልቋል።