የአረፋ ቤት

ልጄ ሰባት ወር ሲሞላው ወደ ሥራ ተመለስኩ። የመጀመሪያው የመስክ ጉዞዬ ከጅግጅጋ ወደ ሐርተሼክ ነበር፤ አዲስ የልብስ ሳሙና ለባለሱቆች ለማስተዋወቅ። ልጁን ለእናቴና ለአባቱ ትቼ ስወጣ የሰማሁት ለቅሶ መንገዱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐርተሼክ ውኃ የሚያስጨንቅበት ቦታ ነው። ከ1980 እስከ 1996 ዓ.ም. የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ በነበረበት ዘመን ውኃ በቦቴ ይመጣ ነበር። ዛሬም የዝናብ ውኃ በቢርካ ይጠራቀማል።

ከሰዓት በኋላ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ጎራ አልን። ጓሮ ያለውን ቢርካ ከሸፈነው እሾሃማ ቅርንጫፍ ላይ ነጭ አረፋ ተንጠልጥሏል። የእኛ ሳሙና ቀድሞን የደረሰ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ኢዶ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእንቁራሪት ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ይሠራሉ።»

«እናትየውስ?»

«ሠርታ ሄደች» አሉኝ፣ ሻዩን እየቀዱ።

መልሱ ሆዴን አባባው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ስለ እንቁራሪቶች ሳነብ አመሸሁ። በአገራችን ምሥራቅና ደቡብ ደረቅ ቦታዎች ኪሮማንቲስ የሚባሉ የዛፍ እንቁራሪቶች አሉ። እናትየው ከሰውነቷ የሚወጣውን ፈሳሽ በኋላ እግሮቿ እየመታች አረፋ ታደርገውና እንቁላሎቿን እዚያ ውስጥ ትጥላለች። አረፋው ከላይ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጆቹ ከታች ወዳለው ውኃ ይወድቃሉ። በደቡባዊው አፍሪካ የምትኖር ዘመዷ ደግሞ ሥራው መሐል ላይ ውኃ ሲያልቅባት ወርዳ ሰውነቷን ታረጥብና ለመጨረስ ተመልሳ ትወጣለች።

ሁሉም የየራሱ ዘዴ አለው። በባሌ ተራሮች ያለች አንዲት ትንሽ ጉርጥ እንቁላሎቿን የምትጥለው እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ልጆቿ ሳይዋኙ ያድጋሉ። በቺሊ ደግሞ የዳርዊን እንቁራሪት አባት ልጆቹን ጉሮሮው ሥር ባለ ከረጢት ይዞ ያሳድጋል።

እኔን ያቆመችኝ ግን ውኃ ፍለጋ የወረደችው ናት። ለካ መውረድ ሁሉ ጥሎ መሄድ አይደለም።

ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ። «ጡጦውን እምቢ አለ» አለችኝ። ዝም አልኩ። «እስከ እኩለ ሌሊት። ከዚያ አባቱ ደረቱ ላይ አስተኝቶ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣው። ሁለቱም አሁን ተኝተዋል፤ አትጩኺ።»

ማታ ቤት ስገባ ልጄ መጀመሪያ ፊቱን አዞረብኝ። ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ትንሽ ቆይቶ ጣቴን ያዘ።