ደጅ ጥናትና ፈተና

ወጣቶች ሆይ፤ «ደጅ ጥናት» የሚለውን ቃል እናንተ ምናልባት በጨዋታ ብቻ ታውቁት ይሆናል። ጥንት ግን የሹመት መንገድ እርሱ ነበር። ሹመት ፈላጊው ከጌታው ደጅ ቆሞ ወራትን፥ አንዳንዴም ዓመታትን ይፈጃል፤ ታጋሽነቱና ታማኝነቱ ይታይለታል እንጂ ዕውቀቱን የሚመረምርለት የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላም ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቻይናዎች ሹሞቻቸውን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ 1,300 ዓመት ያህል ኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ1905 ተዉት። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ተነፈግሁ ያለ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ ከገደላቸው በኋላ ነው፥ በ1883 ከፊሉ የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲሰጥ ሕግ ያወጡት። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 ተቋቋመ፤ በተከታዩ ዓመትም ደንቡ ወጣ።

ከአባያ በላይ ባለው በጋሞ ደጋ ግን ሰውን መዝኖ መሾም ከዚህ ሁሉ በፊት የታወቀ ነበር። ካዎ ሥልጣኑን ከአባቱ ይወርሳል፤ ሃላቃን ግን ሕዝቡ በዱቡሻ ተሰብስቦ፥ ስለ ጠባዩና ስለ ትዳሩ መክሮ ይመርጠዋል። ይህን ስናገር ደስ ይለኛል፤ ይሁን እንጂ ግማሹን ብቻ ብነግራችሁ አታለልኋችሁ ማለት ነው። ድግሱ ከባድ ስለ ነበረ ድኻ ሹመቱን በቀላሉ አይደፍረውም፤ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ደግሞ ጠባዩ ቢያምርም ከቶ አይታሰብም ነበር። ምዘናው መልካም ሆኖ ሳለ ለመመዘን የሚቀርበው ሁሉም አልነበረም።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የባለጸጋም የድኻም ልጅ በአንድ አግዳሚ ይቀመጥ ነበርና፥ መምህር ከሆንሁ በኋላ ስለዚህ ነገር ልቤ ይቆረቆራል። ከተማሪዎቼ አንዲቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች፤ በሒሳብ የሚወዳደራት አልነበረም። ዐዋጅ ቁጥር 515/1999 ክፍት ቦታ በውድድር እንዲሞላ፥ በብሔረሰብ፥ በፆታና በሃይማኖት አድልዎ እንዳይደረግ ከደነገገ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እርስዋም ሕጉን አምና በአንድ መሥሪያ ቤት ለሒሳብ ሠራተኛነት ተፈተነች። በጽሑፍ አንደኛ ወጣች። የቃል ፈተናው ሲደመር ግን ሦስተኛ ሆነች።

«ጋሼ፥ በቃል ፈተና የጠየቁኝ የአባቴን ሥራ ነው» አለችኝ።

አቤቱታ ጻፍን፤ መልስ አልመጣም። እናቷ «ተዪው ልጄ፥ ሰው እንፈልግልሽ» ሲሏት እምቢ ብላ፥ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ቦታ ተፈትና ተቀጠረች።

እነሆ አሁን እርስዋ ራስዋ በፈታኝ ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጣለች። የተፈታኞቹን ስም ሸፍና በቁጥር ብቻ ታርማለች፤ የቃል ጥያቄዎቹንም ከፈተናው በፊት አስጽፋ፥ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ታደርጋለች። ባልደረቦችዋ «ሥራ አበዛሽብን» እያሉ ያጉረመርማሉ አሉ።