ከጭላሎ ሥር፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚያወጣው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዴራን፣ ኢተያን ሲያልፉ ቆላው ከኋላ ይቀራል፤ ግራ ቀኙ ስንዴ ብቻ ይሆናል። ኅዳር ነበርና አዝመራው ቢጫ ለብሷል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጭላሎ ተራራ በግራ በኩል ደመናውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የሄድኩት እሱን ላይ ነበር፤ ልቤን የወሰደው ግን የአንድ ትራክተር ድምፅ ሆነ።

አሰላ ዳር፣ ኮምባይነሮች በተደረደሩበት ግቢ፣ አንድ አረጋዊ መካኒክ የማሲ ፈርጉሰን ኮፈን ከፍተዋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ያነክሳል። ፓራፋንጎው ላይ ያስቀመጡት የሻይ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ይጓዛል። ከፖምፓው ወደ መጀመሪያው ሲሊንደር የሚሄደውን የናፍጣ ቱቦ ላላ አደረጉት፤ ሞተሩ ተደናቀፈ። አጠበቁት። ሁለተኛውን ዘለው ሦስተኛውን ነኩ፤ ተደናቀፈ። አራተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ሁለተኛውን ሲያላሉት ምንም ለውጥ የለም።

«የሞተው ይሄ ነው።»

«ጋሼ፣ ለምን በተራ አልሄዱም?»

«በተራ ነው የሄድኩት ልጄ። የእሳቱ ተራ ይሄ ነው።»

ከዚያ በጣታቸው አሳዩኝ። አንደኛውና አራተኛው ፒስተን አብረው ይወጣሉ፤ ያኔ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ በእኩል ርቀት ማቀጣጠል አይቻልም። የሚቻሉት ተራዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ 1-3-4-2 ወይም 1-2-4-3። የትራክተሩ ፐርኪንስ ሞተር የመጀመሪያውን ይከተላል። በሁለት ዙር አራት ግፊት፣ በየግማሽ ዙሩ አንድ። እናቶቻችን በርበሬ ሲወቅጡ እንደሚፈራረቁት ዘነዘና ነው፤ አንዷ ተራዋን ከዘለለች ሙቀጫው ይናጋል። እዚህም ሁለተኛው ሲሞት ክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ዙር ያለ ገፊ ይንከባለላል።

ተራውን በመቀየር ጉልበት ይጨመራል የሚል ወሬ በየጋራዡ እሰማለሁ፤ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አላምነውም። ተራው ጉልበትን በእኩል ያድላል እንጂ አይፈጥርም። አሰላ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ገና ከመነሻው ደክሟል። ከአራቱ አንዱ ሲጎድልበት ማረሻ አይጎትትም።

ትራክተር ለአርሲ እንግዳ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ ባለመሬቶችም ማሽን ገዙ፤ ማሽኑ ሲመጣ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተባረረ። ይህ ድምፅ በሁሉም ዘንድ የተወደደ አልነበረም።

ሽማግሌው ኢንጄክተሩን ቀየሩት። ብርጭቆው መጓዙን አቆመ፤ በሻይው ላይ ግን ቀጭን ሞገድ ቀረ። ፒስተን በላይኛው ግማሽ ጉዞው ከታችኛው ይልቅ ስለሚፈጥን፣ የሚወጡትና የሚወርዱት ሙሉ በሙሉ አይጣፉም። ይህ የአራት ሲሊንደር ጠባይ ነው። ሞተሩ እየሠራ አጠገባችን ወደቆመው ላንድ ክሩዘር ወስደው ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አኖሩት፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 1-4-2-6-3-5። ሻይው ተኛ ማለት ይቻላል።

በኅዳር ወደ አሰላ ከወጣችሁ፣ ኢተያን ስታልፉ የመኪናችሁን ሬዲዮ ዝጉ፣ መስኮቱንም ክፈቱ።